ነዳፊውና ነፊው

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አብቅቶ ወታደሮቹ ወደ አሜሪካ ሲመለሱ፣ ሠራዊቱ የማይፈልገው ጡሩምባና ከበሮ በየመጋዘኑ ተከምሮ ነበር። በ1919 የተመሠረተው አሜሪካን ሌጂዮን የተባለው የዘማቾች ማኅበር (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በየከተማው ቅርንጫፍ ሲከፍት እነዚያን መሣሪያዎች በርካሽ እየገዛ የሰልፍ ቡድን አቋቋመባቸው። መጀመሪያ ዘማቾቹ ራሳቸው ተሰለፉ፤ ቀጥለው ልጆቻቸውን አሰለፉ። ክላርኔት የለም፣ ሳክስፎን የለም፤ ጡሩምባ፣ ከበሮና ባንዲራ ብቻ። ስሙም ድራም ኮር ሆነ።

እኛ የምናውቀው ማርሽ ባንድ በዓል ያደምቃል፣ እንግዳ ይቀበላል። ድራም ኮር ግን ከጅምሩ ለውድድር የቆመ ነው። ሌጂዮኑ ከ1920ዎቹ መግቢያ አንሥቶ ብሔራዊ ሻምፒዮና ያካሂድ ነበር። ውድድር ካለ ደግሞ ክርክር አይቀርም፦ ያሸነፈው ማን ነው? ሙዚቃውን ያቀናበረው፣ ሰልፉን የነደፈው፣ ልጆቹን ፀሐይ ላይ አቁሞ ያስተማረው ነው? ወይስ እየሮጠ ጡሩምባውን የነፋው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ? ክርክሩ ዛሬም በቀድሞ ተሰላፊዎች መካከል አልበረደም። ታሪኩን ከሥሩ ሲያዩት መልሱ በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ የለወጡት ደግሞ የዳኝነት ሕግ፣ ገንዘብና መንገድ ናቸው።

በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ጥያቄው ራሱ ብዙም ትርጉም አልነበረውም። ተጫዋች ማለት የሰፈር ልጅ ማለት ነበር። በ1934 በኒው ጀርሲዋ የጋርፊልድ ከተማ ሆሊ ኔም የተባለ የካቶሊክ ደብር የራሱን ቡድን አቋቋመ፤ ካዴትስ የተባለው ዝነኛ ቡድን መነሻው ይህ ነው። በ1940 ቦስተን ውስጥ ክሩሴደርስ ተመሠረተ። በ1948 ዶን ዋረን የተባለ ወጣት በቺካጎ የቦይ ስካውት ጓዶቹን ይዞ ካቫሊየርስን ጀመረ። የሚያስተምራቸው ከሥራ መልስ የሚመጣ ዘማች ወይም ዕድሜው ያለፈ ተሰላፊ ነው፤ ደመወዝ ብሎ ነገር እምብዛም የለም። ልጁም ቢሆን የተሻለ አስተማሪ ፍለጋ ሌላ ከተማ ልሂድ ቢል በምን ይሄዳል? ጡሩምባው ራሱ ብዙ ኖታ የሚጎድለው፣ ከወታደር ቤት የወጣ መሣሪያ ነበር። ሁሉም ባለው ልጅና ባለው መሣሪያ ይወዳደራል።

ዳኝነቱም ወታደራዊ ነበር። ዳኞቹ ሰሌዳቸውን ይዘው በተሰላፊዎቹ መካከል እየተመላለሱ ስሕተት ይለቅማሉ። የአንዱ ከበሮ መቺ በትር ከጓደኞቹ ከዘገየ፣ አንድ እግር ከመሥመር ከወጣ፣ አንድ ጡሩምባ ካጓራ፣ ከቡድኑ ነጥብ ላይ ይቆረጣል። ይህችን ቁራጭ ነጥብ «ቲክ» ይሏታል። ሥርዓቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆየ። እኔ እንደማየው ለክርክሩ የመጀመሪያውን መልስ የሰጠው ይህ ሥርዓት ነው። ነዳፊው ደፋር ቢሆን ልጆቹን ለቲክ ያጋልጣል፤ ቀለል ያለ ነገር ጽፎ ሺህ ጊዜ ያስደገመ ዋንጫውን ይወስዳል። ስለዚህ የአስተማሪ ችሎታ የሚለካው በፈጠራው ሳይሆን በትዕግሥቱና በጥብቅነቱ ነበር፤ የተጫዋች ችሎታም ባለመሳሳቱ።

ሆኖም በዚያው ጥብቅ ዘመን ሁለት ትንንሽ ከተሞች ሰውን አስገረሙ። ዋዮሚንግ ውስጥ ካስፐር የምትባል፣ ያኔ ሕዝቧ አርባ ሺህ የማይሞላ ከተማ አለች። ጂም ጆንስ የሚባል ሰው በ1950ዎቹ መጨረሻ እዚያ ትሩፐርስን አቋቁሞ ልጆቹን የጥንቱን የፈረሰኛ ጦር ልብስ አለበሳቸው፤ በ1960ዎቹ ብሔራዊ ሻምፒዮን አደረጋቸው። ካንሳስ ውስጥ ደግሞ ግሬት ቤንድ የምትባል ከዚያም ያነሰች ከተማ አለች፤ የቡድኗ ስም አርጎን ረቤልስ ነው። ጡሩምባ ነፊዎቹን የምታስተምረው ሳንድራ ኦፒ ነበረች። በዚያን ጊዜ በዚህ ጥበብ ውስጥ ሴት መሪ ማየት ብርቅ ነበር። ከስንዴ እርሻ መሐል የወጡት ልጆቿ በ1971፣ በ1972ና በ1973 በተከታታይ የሌጂዮኑን ዋንጫ ወሰዱ። ችሎታ የተፈጥሮ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሽልማቱ ሁሉ ከሚሊዮን ሕዝብ መሐል ልጅ መምረጥ ለሚችሉት ለቺካጎና ለኒው ዮርክ አካባቢ ቡድኖች በቀረ ነበር። ስለ ኦፒ ብዙ ሲጻፍ አላይም፤ ያሳዝነኛል።

በ1971 የቡድን መሪዎቹ በዘማቾች ማኅበራቱ ላይ አመፁ። ሕጉን የሚያወጡት፣ ዳኛውን የሚመድቡት፣ ገንዘቡን የሚያከፋፍሉት ማኅበራቱ ነበሩ፤ ሌት ተቀን ከልጆቹ ጋር የሚውሉት መሪዎች ድምፅ አልነበራቸውም። የካቫሊየርሱ ዶን ዋረንና የትሩፐርሱ ጂም ጆንስ ከአመፁ ግንባር ቀደሞች ነበሩ። የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ ስሙን ድራም ኮር ኢንተርናሽናል አሉት። በነሐሴ 1972 በዊስኮንሲኗ ዋይትዋተር የመጀመሪያው ሻምፒዮና ተካሄደ። ዋንጫውን የወሰዱት ከካሊፎርኒያ የመጡት አናሃይም ኪንግስመን ናቸው። የጡሩምባውን ክፍል የበላይነት ግን የኦፒ ልጆች ያዙት።

አዲሱ ማኅበር ያመጣው ትልቁ ለውጥ ግን ሕግ አልነበረም፤ መንገድ ነው። ቡድኖቹ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲመጣ በአውቶቡስ ከዳር እስከ ዳር አገሪቱን መዞር ጀመሩ። ትርኢታቸው በሸክላ እየተቀረፀ ተሸጠ። አንድ የነብራስካ ልጅ የካሊፎርኒያን ቡድን በሸክላ ሰምቶ ልቡ ይሸፍታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ችሎታ እግር አወጣ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ «የሰፈር ልጅ» የሚለው ነገር እየሳሳ መጣ።

የዚህ ለውጥ የመጀመሪያ ተጠቃሚ ሳንታ ክላራ ቫንጋርድ ነው። ጌይል ሮየር የሚባል መምህር በ1967 ቡድኑን ሲያቋቁም የሚያውቀው ሰው አልነበረም። በስድስት ዓመት ውስጥ፣ በ1973፣ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1974 ደገመው። ከበሮውን የጻፈው ፍሬድ ሳንፎርድ ልጆቹን ከበሮ እንደ ዜማ መሣሪያ እንዲሰሙ አድርጎ ስላስተማራቸው ሌሎች ቡድኖች ለዓመታት ቀድተውታል። ሮየር ያንኑ ቡድን እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ የመራ ሰው ነው። የሱን ዓይነት ጽናት ኋላ ላይ ደግመን እናገኘዋለን።

የተጫዋቹን ክብደት ግን በ1975 የተፈጠረ አንድ አሳዛኝ ነገር አሳየ። ሃውቶርን ሙቻቾስ የሚባለው የኒው ጀርሲ ቡድን ለዋንጫው ከሚጠበቁት አንዱ ነበር። ፊላደልፊያ ላይ ማጣሪያውን ካለፈ በኋላ ከተሰላፊዎቹ የአንዱ ዕድሜ ከሕጉ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ቡድኑ በሙሉ ተሰረዘ። አንድ ልጅ፣ የመቶ ልጅ ልፋት። ከዚያ በኋላ የሙቻቾስ የከበሮ አስተማሪ ዴኒስ ደሉሺያ እዚያው ኒው ጀርሲ ወዳለው ባዮን ብሪጅመን ሄደ፤ ልጆችም ተከተሉት። ቦቢ ሆፍማን ብሪጅመንን ረጅም ቢጫ ካፖርትና ሰፊ ባርኔጣ አልብሶ ሜዳውን የቲያትር መድረክ አደረገው። ቡድኑ በ1976 ለፍጻሜ ከደረሱት አሥራ ሁለት አንዱ ሆነ። መምህር ሲሄድ ልጅ ይከተላል የሚለውን ነገር ብዙዎች ያስተዋሉት ያኔ ይመስለኛል።

በዚያው ዓመት ሻምፒዮን የሆነው ከሳንታ ክላራ ብዙም የማይርቀው የኮንኮርዱ ብሉ ዴቭልስ ነው። ሙዚቃውን ያቀናበረው ጂም ኦት ይባላል፤ ለጃዝ በጡሩምባ ሰልፍ ላይ ሕይወት የሰጠ ሰው። ኦት ብዙ ሳይቆይ ጆርጂያ ውስጥ በ1976 በተቋቋመው ስፒሪት ኦፍ አትላንታ መሥራት ጀመረ። ስፒሪት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከፍጻሜ ተወዳዳሪዎች ጋር ተቀላቀለ፤ የጡሩምባው ድምፅ የስታዲየሙን ወንበር ያንቀጠቅጣል ተባለለት። በ1980 በጉዞ ወቅት ኦት በመኪና አደጋ ሞተ። የዓመቱ ምርጥ የጡሩምባ ክፍል የሚያገኘው ሽልማት እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ብሉ ዴቭልስ ግን እሱ ባይኖርም በ1980ም በ1982ም አሸነፈ። ዌይን ዳውኒ የጡሩምባውን ነገር ተረክቦ ለአሥርተ ዓመታት ያዘው። አንድ ሊቅ ባዶ ሜዳ ላይ ድምፅ መፍጠር ይችላል፤ እውነት ነው። ሊቅ ሲሄድ የማይፈርስ ቤት መሥራት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ከባዱም ይኸኛው ነው።

አሁን የታሪኩ ወገብ ላይ ደርሰናል። ጆርጅ ዚንጋሊ 27ኛ ላንሰርስ የተባለው የማሳቹሴትስ ቡድን ያፈራው የሰልፍ ነዳፊ ነው። ከሱ በፊት ሰልፍ ማለት በሜዳው እኩሌታ ግራና ቀኝ የሚመሳሰል ነገር ነበር፤ በግራ ሦስት ረድፍ ከታጠፈ በቀኝም ሦስት ረድፍ ይታጠፋል። ዚንጋሊ ይህን ሰበረ። ሌሎችም ከሱ ቀደም ብለው ሞክረውታል፤ እንደሱ እስከ መጨረሻው የሄደበት ግን የለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለጋርፊልድ ካዴትስ መንደፍ ሲጀምር ተሰላፊዎቹን ያሮጣቸዋል፣ ያጠላልፋቸዋል፣ አንዱን ቅርጽ ከሌላው ቅርጽ ሆድ ውስጥ ያወጣዋል። በ1983 በሮን ኔልሰን «ሮኪ ፖይንት ሆሊደይ» ላይ የነደፈው መጎተት የሚመስል እንቅስቃሴ በስሙ የመጀመሪያ ፊደል ይጠራል፤ ዛሬም አስተማሪዎች ቪዲዮውን እያቆሙ ያዩታል። ማያሚ ላይ ካዴትስ ሻምፒዮን ሆነ። ከምሥራቁ ጠረፍ የመጣ ቡድን ያን ዋንጫ ሲወስድ የመጀመሪያው ነበር።

እዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ። በ1983 ቲክ ገና አልተሻረም። ዚንጋሊ የነደፈውን ያህል ከባድ ሰልፍ በዚያ ሕግ ማቅረብ ራስን ለጥፋት መስጠት ነበር፤ እያንዳንዱ ሩጫ፣ እያንዳንዱ መጠላለፍ ነጥብ የሚያስቆርጥ ወጥመድ ነው። ልጆቹ ግን ሠሩት። ዋንጫውን ያመጡት ሕጉ ሳይደግፋቸው፣ በእግራቸውና በሳንባቸው ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1984፣ ቲክ ቀረ፤ ዳኛ ስሕተት መልቀሙን ትቶ የተሠራውን መመዘን ጀመረ። ካዴትስ በ1984ና በ1985 ደግሞ አሸንፎ በድራም ኮር ኢንተርናሽናል ታሪክ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ቡድን ሆነ። ነዳፊዎች የዘመኑ ጌቶች የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። ነፃ ያወጣቸው ግን የጋርፊልድ ልጆች አፈጻጸም እንደነበር የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

አዲሱ የዳኝነት ወረቀት ክርክሩን በቀጥታ ለመፍታት ሞከረ። እያንዳንዱ ዳኛ ሁለት ነጥብ ይሰጣል፦ አንዱ ለተጻፈው ነገር፣ አንዱ ለአፈጻጸሙ። ኋላ ላይም ከመቶው አርባው ለአጠቃላይ ስሜት፣ ሠላሳው ለሚታየው፣ ሠላሳው ለሙዚቃው ተመደበ፤ በየክፍሉም ነዳፊውና ነፊው እኩል ድርሻ አላቸው። በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ነው። በሜዳ ላይ ግን ሁለቱን መለየት አይቻልም ማለት ይቀላል። ደካማ ልጅ የነፋውን ድንቅ ዜማ ዳኛው ድንቅ መሆኑን በምን ያውቃል? ጎበዝ ልጅስ የሚያሳይበት ነገር ካልተጻፈለት ጉብዝናው የት ይታያል?

በ1984 መገባደጃ ወደ ጨዋታው ገንዘብ ገባ። ቢል ኩክ በ1963 ኢንዲያና ውስጥ ብሉሚንግተን ከሚገኘው አፓርታማው መኝታ ክፍል ለሐኪሞች የሚሆን ቀጭን ቱቦ መሥራት ጀምሮ ባለጸጋ የሆነ ሰው ነው። ስታር ኦፍ ኢንዲያና የተባለውን ቡድን ከባዶ አቋቋመ። ጂም ሜሰንን መሪ አደረገ፤ ጥሩ አውቶቡስ፣ ጥሩ መሣሪያ፣ ጥሩ አስተማሪ ሰበሰበ። በመጀመሪያው ዓመት፣ በ1985፣ አሥረኛ ወጣ። አዲስ ቡድን በተወለደበት ዓመት ለፍጻሜ ሲደርስ ታይቶ አያውቅም። «ዋንጫ ሊገዛ መጣ» እያሉ ያሙት ብዙ ነበሩ፤ በየአዳራሹ የፓስታ እራት እየሸጡ ለነዳጅ ገንዘብ ለሚለቅሙ ቡድኖች ቅሬታው ይገባኛል። ግን ዋንጫው በገንዘብ አልተገዛም። ስታር ሻምፒዮን የሆነው በሰባተኛ ወቅቱ፣ በ1991 ነው፤ የዚያን ዓመት ሰልፍ የነደፈው ደግሞ ዚንጋሊ። ገንዘቡ አስተማሪ አመጣ፤ አስተማሪው ልጅ ሳበ፤ ልጁ እስኪበስል ግን ዓመት ፈጀ። ይህን ዓመት በምንም ማሳጠር አልተቻለም። ዚንጋሊ በ1992 ሞተ።

በ1993 ስታር ከዘመኑ የቀደመ ትርኢት ይዞ መጣ፤ የባርበርና የባርቶክ ሙዚቃ፣ ጌጥ የሌለው ሰልፍ፣ የተራቆተ እንቅስቃሴ። ሕዝቡ እሪ እያለ ያወገዘበት ምሽት ነበር። በካዴትስ በአንድ አሥረኛ ነጥብ ተበልጦ ሁለተኛ ወጣ፤ ከዚያም ውድድሩን ጥሎ ሄደ። ከስታር የወጡት ሰዎች በ1999 ለንደን ላይ «ብላስት!» የተባለውን የመድረክ ትርኢት አቀረቡ፤ በ2001 ብሮድዌይ ገብቶ የቶኒ ሽልማት አገኘ። በሜዳ ላይ ያለ ክፍያ የሚነፉ ልጆች በትኬት በሚገባበት ቲያትር ውስጥ በደመወዝ ነፉ። ለእኔ የዚያ ሽልማት ትልቁ ምስክርነት ለተጫዋቾቹ ነው፤ ዳኛና ነጥብ በሌለበትም ሰው ከፍሎ ሊያያቸው መጣ።

የ1990ዎቹን ቀሪ ዓመታት በፍጥነት ልለፋቸው። ዋንጫው በጥቂት ቡድኖች መካከል ሲዘዋወር ቆየ፤ በ1996፣ በ1999ና በ2000 ሁለት ሁለት ቡድኖች እኩል ነጥብ አምጥተው ተካፈሉት። ሕጎችም ላሉ፦ በ2000 በማንኛውም ቃና የተቃኘ፣ አፉ ወደ ፊት የዞረ የናስ መሣሪያ ተፈቀደ፣ በ2004 ማይክሮፎን፣ በ2009 ኤሌክትሮኒክ የድምፅ መሣሪያ። እያንዳንዱ ፈቃድ የነዳፊውን እጅ አረዘመ።

ለአስተማሪ ወገን የሚሟገት ሁሉ የሚጠቅሰው ግን ካቫሊየርስን ነው። ካቫሊየርስ ያኔ ወንዶች ብቻ የሚሰለፉበት ቡድን ነበር። ከሌሎቹ አብዛኞቹ ከወንዱም ከሴቱም መርጠው ሲያሰልፉ እሱ በራሱ ፈቃድ ከአገሪቱ ልጆች ግማሹን ትቶ ነበር። ያም ሆኖ ከ2000 እስከ 2006 ባሉት ሰባት ዓመታት አምስት ጊዜ አሸነፈ። ማይክል ጌይንስ ሰልፉን፣ ሪቻርድ ሶሴዶ ጡሩምባውን፣ ብሬት ኩን ከበሮውን ይጽፉ ነበር፤ ምሥጢራቸው አብረው መጻፋቸው ነው። ሙዚቃው ካለቀ በኋላ ሰልፍ አይፈለግለትም፤ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ይወለዳሉ። የ2002ቱ «ፍሬምወርክስ» ወቅቱን ሙሉ ሳይሸነፍ በ99.15 ነጥብ ጨረሰ፤ እስከዚያን ቀን ያን ያህል ያገኘ አልነበረም። የቀድሞ ተሰላፊዎቹ ደግሞ ሌላ ነገር ይነግሯችኋል፤ ልጆቹ እንደ ወንድማማች ስለሚተሳሰሩ ዓመት በዓመት ይመለሱ ነበር፣ ሜዳው ላይ የሚቆመው የበሰለ ልጅ ብዛት ነው ያሸነፈው ይላሉ። ሁለቱንም አምናለሁ። የጻፉት ሰዎች ቀስ በቀስ ሲበታተኑ ግን ወንድማማችነቱ ባለበት ዋንጫው ራቀ፤ ከ2006 ወዲህ ካቫሊየርስ ሻምፒዮን አልሆነም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ሚዛኑን ወደ ሌላ የደፋ ምሽት መጣ። በነሐሴ 2008 ብሉሚንግተን ላይ የሮክፎርዱ ፋንተም ሬጅመንት «ስፓርታከስ»ን ይዞ ቀረበ፤ ባሮች በጌቶቻቸው ላይ የተነሡበት ታሪክ ነው። የወቅቱን አብዛኛውን ክፍል ሲመራ የቆየው ብሉ ዴቭልስ ነበር። የሁለቱም ቡድን ጽሑፍ አልተለወጠም፤ አስተማሪዎቹ በዚያ ሰዓት የሜዳው ጠርዝ ላይ ቆመው ከመመልከት በቀር የሚያደርጉት የለም። የፋንተም ልጆች የዚያን ምሽት የነፉትን ያህል ከዚያ በፊት ነፍተው አያውቁም፤ ስታዲየሙ ከወንበሩ ተነሣ። ፋንተም 98.125፣ ብሉ ዴቭልስ 98.100። ልዩነቱ የአንድ ነጥብ አርባኛ ነው። ከአሥረኛ ደረጃ ወደ ሁለተኛ የሚያደርስ አስተማሪ ነው። ያችን አርባኛ ግን ማንም አስተማሪ ሊጽፋት አይችልም።

ብሉ ዴቭልስ በሽንፈቱ አልተሰበረም። በ2009፣ በ2010፣ በ2012፣ በ2014፣ በ2015፣ በ2017፣ በ2019፣ በ2022ና በ2023 አሸነፈ፤ ከቀድሞዎቹ ጋር በጠቅላላው ሃያ አንድ ዋንጫ ማለት ነው። የ2014ቱ 99.65 እስከ ዛሬ አልተሰበረም። ዋናው ምሥጢር በአንድ ዓመት የተቀጠረ ሊቅ አይደለም። አስተማሪዎቹ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ይቆያሉ። ታናናሽ ልጆች የሚያድጉባቸው ሁለተኛና ሦስተኛ ቡድኖች አሉት። ስለዚህ ከጃፓን ሳይቀር ልጅ ይመጣል፤ ለጥቂት ክፍት ቦታ ብዙ መቶ ወጣት ይፈተናል። እዚህ ላይ ክርክሩ ራሱን በራሱ ይቋጫል፤ ችሎታ ያለው ልጅ ችሎታውን ወደማያባክኑበት ይሄዳልና። ልጁ ደመወዝ አያገኝም፤ እንዲያውም ለአንድ ወቅት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ የትምህርት ቤት ጂምናዚየም ወለል ላይ ይተኛል። ያን ያህል የሚከፍል ሰው አስተማሪውን አጥርቶ ቢመርጥ አይገርምም።

ይህ መተማመን የተጎዳበትን ቦታም መናገር ግድ ነው። በ2018 በርካታ ሴቶች የካዴትስ የረጅም ጊዜ መሪ ወሲባዊ በደል ፈጽሞብናል ብለው በአደባባይ ከሰሱ፤ ሰውየው ሥልጣኑን ለቀቀ። አስተማሪን እስከ ማምለክ የሚያደርስ አድናቆት ለልጆች አደገኛ መሆኑ የታየው እዚያ ነው፤ ዋንጫ የሚያመጣ ሰው አይጠየቅም የሚል ልማድ ማንንም አላዳነም። በ1934 በደብር አዳራሽ የተጀመረው ካዴትስ በ2024፣ በዘጠና ዓመቱ፣ ተዘጋ።

ከካዴትስ የወጡት አስተማሪዎች ታሪክ ግን ቀደም ብሎ በ2016 ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። ቦስተን ክሩሴደርስ ከ1972 እስከ 1998 አንድም ዓመት ለፍጻሜ አልደረሰም፤ የመጀመሪያው 1999 ነው። በ2016 ከፍጻሜ ተወዳዳሪዎቹ የመጨረሻው፣ አሥራ ሁለተኛ፣ ወጣ። ወቅቱ እንዳለቀ ከካዴትስ ዋና ዋና አስተማሪዎችና ነዳፊዎች ብዙዎቹ ወደ ቦስተን ተሻገሩ፤ በዚያ ሰሞን የሚፈተኑት ልጆች ብዛትም ጥራትም ተለወጠ። በ2017 ስድስተኛ ወጣ። በአንድ ዓመት ስድስት ደረጃ በዚህ ውድድር እምብዛም አይታይም፤ ከባዮን በኋላ አርባ ዓመት ቆይቶ ያው ነገር ተደገመ። «አስተማሪ ነው ያሸነፈው» የሚሉ ይህን ይጠቅሳሉ፤ «አይደለም፣ ተከትለው የመጡት ልጆች ናቸው» የሚሉም ያንኑ ይጠቅሳሉ።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ውድድሩን አቋረጠው፤ በ2021ም ሻምፒዮን አልተመረጠም። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ብዙ ልጆች የሠለጠኑበትን ሳይወዳደሩበት ቀሩ፤ ማንም አስተማሪ ያን ሊመልስላቸው አልቻለም። በ2018 ሻምፒዮን የነበረው የሮየር ቡድን፣ ሳንታ ክላራ ቫንጋርድ፣ በ2023 በገንዘብ ችግር ከሜዳ ቀረ። ልጆቹ በየቡድኑ ተበተኑ፤ ድንቅ ትምህርትም ድንቅ ልጅም ኖሮ የሒሳብ መዝገቡ ካልተስተካከለ አውቶቡሱ አይንቀሳቀስም።

ቦስተን ግን ቀጠለ። በ2022 ሁለተኛ፣ በ2024 ሁለተኛ። በነሐሴ 2025 ኢንዲያናፖሊስ ላይ፣ በተመሠረተ በሰማንያ አምስት ዓመቱ፣ የመጀመሪያውን የድራም ኮር ኢንተርናሽናል ዋንጫ አነሣ። የዕድሜውን ሕግ ይዞ ማስላት ነው፤ ልጆች ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ይወጣሉ። በ2017 አስተማሪዎቹን ተከትሎ ቦስተን የገባ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በ2025 ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። ዋንጫውን ያነሡት ዝውውሩ ሲደረግ የአንደኛ ደረጃና የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የነበሩ ልጆች ናቸው፤ የቦስተንን ስም ሲሰሙ እንደ ደካማ ቡድን ሰምተውት አያውቁም። አስተማሪዎቹ በአንድ ሌሊት ያመጡት ስድስት ደረጃ ነው፤ የቀሩት አምስት ደረጃዎች ስምንት ዓመትና ሌላ ትውልድ ፈጁ።

በዚያ ምሽት ዕድሜያቸው የሞላው ልጆች ለመጨረሻ ጊዜ ነፉ። ከነሱ ጥቂቶቹ በብርዱ ወራት፣ አዲስ ተፈታኞች ሲመጡ፣ በጂምናዚየሙ ሌላኛው ወገን ቆመው ይጠብቋቸዋል፤ እስትንፋሱን፣ አቋቋሙን፣ የመጀመሪያውን እርምጃ የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው።